ቨርና ክሊንገር ግድግዳውን ስታንኳኳ

የወንድሜ ሚስት ቨርና መብራት አጥፍታ ተኝታ አታውቅም። ቤቷ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ነዳጅ ማደያ ሲያበራ ያድራል። ጎረቤቶቿ «ይቺ ሴትዮ ከመብራት ኩባንያው ጋር ምን ዝምድና አላት?» እያሉ ሲቀልዱባት አብራቸው ትስቃለች፤ ምክንያቱን ግን ትንፍሽ አትልም። እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር ማለቱ ይሻላል።

የ1974ቱ አውሎ ነፋስ የመጣ ዕለት ቨርናና ወንድሜ ዴልበርት ምድር ቤት ገቡ። እኛ ኦሃዮዎች ሳይረን ሲጮህ ምድር ቤት መግባትን ከእናታችን ጡት ጋር ነው የምንማረው። ቤቱ እንዳለ ላያቸው ላይ ወረደ። ሰዎች ፍርስራሹን አንስተው ሲደርሱባቸው ቨርና የዴልበርትን እጅ እንደያዘች ነበረች፤ ወንድሜ ግን ከሞተ ቆይቷል። ከንብረታቸው ሁሉ የተረፈው ክንዱ ላይ የነበረው ሰዓት ብቻ ነው። ቁጥሮቹ በጨለማ በሚያበራ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። «እዚያ ውስጥ ሌላ ምንም አይታየኝም ነበር» ብላኛለች አንድ ቀን፤ «እሱ ሲበራ ዴልበርት አጠገቤ እንዳለ አውቃለሁ።» ከቀብሩ በኋላ ማሰሪያው ቢሰፋት በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳችለትና ክንዷ ላይ አሰረችው። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ ከዓይኗ አታርቀውም።

እንዲህ ያለች ሴት የጨለማ ሥራ ትይዛለች ብሎ ማን ያስባል? ግን የእንጀራ ነገር ነው። ከአውሎ ነፋሱ በፊት ፎቶ ቤት ፊልም አጣቢ ነበረች፤ ፎቶ ቤቱ ከከተማው ግማሽ ጋር ተጠርጎ ሄደ። ኮሎምበስ መጥታ ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፎ ተከራየችና የትምህርት ቤት ሳህን ስታጥብ ቆየች። እኔ ያን ጊዜ ሚልተን ሃርግሬቭ የሚባል ሰው ዘንድ ስልክ አንሺም ሾፌርም ሆኜ እሠራ ነበር። ሃርግሬቭ እጁ ፊልም የለመደ ሰው ሲፈልግ የቨርናን ስም ሰጠሁት። ጨለማ ያስቸግርሽ ይሆን ብሎ ሲጠይቃት «ለምጄዋለሁ» አለችው። እኔ ጎኗ ቆሜ ጫማዬን አየሁ።

ሃርግሬቭ የዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ጥሎ «ኮምፒውተር ሥዕል ሠርቶ ሥዕሉ እንዲንቀሳቀስ አደርጋለሁ» ብሎ የወጣ ሰው ነው። ዛሬ ይህ የልጆች ጨዋታ ሆኗል። በ1983 ግን ሰው የሚያየን እንደ ለየላቸው እብዶች ነበር። የተከራየው ቤት የከሰረ ሥጋ ቤት ስለነበር ሰዎች እየደወሉ የአሳማ ጎድን ያዙኛል። ሥጋ የለንም ስላቸው «ታዲያ ምን አላችሁ?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ከማሽኑ ይልቅ እኔ የማምነው የአሳማውን ጎድን ነበር።

አሠራራችንን ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ አንዷን ሥዕል አስልቶ እስኪጨርስ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ለአንድ ሰከንድ ፊልም ደግሞ ሃያ አራት ሥዕል ያስፈልጋል። ማሽኑ ቁመቱ ቁም ሣጥን ያክላል እንጂ ሆዱ ትንሽ ነው፤ ሌሊት ያሰላውን ከያዘ በቃው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል ጨለማ ክፍል ውስጥ ባለች ትንሽ ስክሪን ላይ ይበራል፣ ካሜራው ያነሣዋል፣ ከተነሣ በኋላ ቦታውን ለሌላ እንዲለቅ ከማሽኑ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያ ሥዕል ያለው ገና ባልታጠበው ፊልም ላይ ብቻ ነው። ፊልሙ ከተበላሸ ሥዕሉም አልነበረም ማለት ነው።

ጨለማው ክፍል የሥጋ ቤቱ ማቀዝቀዣ የነበረው ነው። በሩ ወፍራም ብረት፣ ዙሪያው ጎማ፤ ሲዘጋ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን አያስገባም። የሥጋ መስቀያዎቹ እንኳ ከጣሪያው አልወረዱም ነበር። ቨርና ያን በር ዘግታ፣ ጥሬውን ፊልም በእጇ እየዳሰሰች ጥቁሩ የፊልም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች፣ ሳጥኑን ካሜራው ላይ ትገጥማለች፣ ከዚያ ሥዕል በሥዕል ታነሣለች። አንዱን አንስታ ስትጨርስ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ታንኳኳለች። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ፊት የሚቀመጠው ላይል ነው፤ ፀጉሩ ትከሻው የደረሰ፣ ከብስኩት ሌላ ሲበላ ያላየሁት ልጅ እግር የኮምፒውተር ሰው። የእሷ ማንኳኳት «ተይዟል፣ አጥፋው» ማለት ነው። ላይልም ያጠፋዋል። ቀኑን ሙሉ ያ ድምፅ ይሰማኛል፤ ለምጄው ስለነበር የሚታወቀኝ ሲቀር ብቻ ነው።

ከብረቱ በር ጎን ላይል ምስማር መትቶ ነበር። የሚያበራ ነገር የያዘ ሰው ሁሉ እዚያ ሰቅሎ ነው የሚገባው፤ ክብሪትም ቢሆን፣ ሰዓትም ቢሆን። ጥሬ ፊልም ለትንሽ ብርሃን እንኳ ይሞታል። ቨርና ጠዋት ጠዋት የዴልበርትን ሰዓት ከክንዷ ፈትታ ምስማሩ ላይ ታንጠለጥለዋለች፣ ደረቷን ሞልታ ትተነፍስና ትገባለች። ያችን ቅጽበት ማየት ስለማልወድ ስልኬን ነበር የማየው።

ነገሩ የተፈጠረው ረቡዕ ነው። ለአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የማታ ዜና መክፈቻ እየሠራን ነበር፤ አንዲት የመስታወት ወፍ ከተማ ላይ ስትበር፤ ሠላሳ ሰከንድ። ዓርብ ማስረከብ ነበረብን። ማሽኑን የገዛልን ሚስተር ስታምፐር የሚባል የኢንሹራንስ ሰው ነው፤ ዓርብ ካለፈ ማሽኑን ጭኜ እወስዳለሁ ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። እንዲህ ያለውን ነገር ፈገግ እያለ ስለሚናገር ይበልጥ ያስፈራ ነበር። ሃርግሬቭ በዚያ ሰሞን ጢሙን መላጨት ትቷል።

ጠዋት ሰማዩ ክፉ አረንጓዴ ሆነ። ያንን ቀለም አውሎ ነፋስ ያየ ሰው ያውቀዋል። ወፎቹ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ ሳይረኑ ጮኸ። ሃርግሬቭ ሁላችንንም ወደ ምድር ቤት አወረደን። ቨርና ግን ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊቷ ወረቀት መስሎ ነበር። እጇን ብይዛት መነጨቀችኝ። «አርዲስ፣ ምድር ቤት አልገባም። ብትገድይኝም አልገባም» አለችኝና ዞራ ጨለማው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችው። ከስር ሆኜ የበሩን ድምፅ ስሰማ መቃብር የተዘጋ ነበር የመሰለኝ።

አውሎ ነፋሱ እኛን ስቶ በስተሰሜን አለፈ። ስንወጣ ቨርና ፊልም ጨምራ ካሜራውን አዘጋጅታ ጠበቀችን። እጄ ሲሠራ ልቤ ያርፋል አለች። ላይልም ብስኩቱን ይዞ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ፣ ማንኳኳቱም ጀመረ። ሌሊት የተሰላው ሥዕል ሁሉ እየተነሣ ጠፋ። የዛን ዕለት የተሰላውም ተከተለ።

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ተመለሰ። እኔ ስልክ ላይ ከጣቢያው ሰውዬ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ሳለ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማኝ። ማንኳኳቱ ቀርቷል። ላይል መጀመሪያ አላግጦ ነበር፤ ግድግዳውን ደበደበና «ቨርና፣ እንቅልፍ ወሰደሽ? ወይስ የድሮ ቋሊማ አግኝተሽ ለብቻሽ እየበላሽ ነው?» አላት። ደግሞ ደበደበ። ማሽኑ እየሞላ ነው፣ ምነው ዝም አለች እያለ ተነሣ። እኔም ስልኩን ሰውዬው ጆሮ ላይ ዘጋሁት።

በሩ ተከፈተ። ቨርና ግራ እጇን በቀኝ እጇ ጨብጣ ወጣች፤ እጇ የተቆረጠ ነበር የሚመስለው። ምስማሩን አየነው፤ ባዶ ነው። የያዘችውን አንጓ ለቀቀች። የዴልበርት ሰዓት እጅጌዋ ስር ታስሮ ነበር።

ነጎድጓዱ ሲያስደነግጣት እጇ በልማድ ወደ አንጓዋ ሄደ፤ ሰዓቱም እዚያው ተገኘ። ጠዋት በዚያ ድንጋጤ መፍታቱን ረስታለች። ጥሬውን ፊልም ያለሽፋን ይዛ፣ እየዳሰሰች ሳጥን ውስጥ ስትከት ሁሉ ሰዓቱ እጇ ላይ ነበር። ሃርግሬቭ ይህን ሲሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ወንበር አጠገቡ ነበር፤ አላየውም።

«ፊልሙን ስትጨምሪ ሲያበራ አየሽው?» አላት።

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምናልባት...»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጨለማ ውስጥ ሁልጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው» አለች። «ሥዕሉ ስክሪኑ ላይ ሲበራ እከፍታለሁ፤ ሲጠፋ እጨፍናለሁ። ስቀጠር ዋሽቼሃለሁ፤ ጨለማ እፈራለሁ።»

ዓይኗን እንደምትጨፍን እኔም አላውቅም ነበር። ሰዓቱ በርግጥ ያበራ እንደሆነ ሃርግሬቭ ቢጠይቃት እንደ ጨረቃ ያበራል አለችው። እኔም በአዎንታ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፤ ያ ብርሃን በቤተሰባችን ውስጥ እንደ ጸሎት የሚነገር ነገር ነበር። ከመሃላችን ሰዓቱን ጨለማ ውስጥ ወስደን እንየው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሁለቱ ወንዶች ስንት ዓመት ተምረው፣ እኔም ስንት ዓመት ለፍልፌ፣ ፍርሃት ሲገባ ሁላችንም ደንዝዘን ቆምን።

መንገዱ ሁለት ነበር። እንደነበረው ብንቀጥል፣ ምናልባት በተበላሸ ፊልም ላይ እያነሣን ደህናውን ሥዕል ማጥፋት ነው። ፊልሙን አውጥተን ለማሳጠብ ሲንሲናቲ ከተማ ብንልክ ደግሞ እስኪመለስ ማሽኑ ሞልቶ ይቆማል፣ ዓርብም ያመልጠናል፣ ስታምፐርም መኪናውን ይዞ ይመጣል። ሃርግሬቭ ብዙ ካሰበ በኋላ ፊልሙ ይውጣና አርዲስ ይዛው ትሂድ አለ። ድምፁ የሚቀብር ሰው ድምፅ ነበር። ቨርናን አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ፊልሙን ከሳጥኑ ማውጣት ግን ያው በጨለማ ነው፣ ሥራውም የእሷ ነው። ቨርና በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሰዓቱን ፈትታ ምስማሩ ላይ ልትሰቅል ስትሞክር ምስማሩን ሳተችና ወደቀ፤ እኔ አነሣሁት።

«አርዲስ፣ አብረሽኝ ግቢ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ገብተሽም አውሪኝ። የፈለግሽውን አውሪ፤ ብቻ ዝም አትበይ።»

ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ጆሮዬ ውስጥ የራሴን ደም ሰማሁት። ስክሪኑን አጠፋችው፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጨለማ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ይሄኛው ግን ፊት ላይ የሚለጠፍ ነው። የሥጋ መስቀያዎቹ ከጭንቅላቴ በላይ እንዳሉ አስታወስኩና አንገቴን ሰበርኩ። አፌ የማያርፈው እኔ፣ ማውራት ሲገባኝ ቃል አጣሁ። እንደምንም ስለ ጎረቤታችን ውሻ ጀመርኩ። ስለ ቦቆሎ ዋጋ ቀጠልኩ። ከዚያ አለቀብኝ።

ያኔ እሷ ጀመረች። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም ነበር።

«እሱም እንደዚሁ ብሎኝ ነበር» አለች። «ዴልበርት። እግሩ ላይ ግድግዳው ተኝቶበት 'ቨርናዬ፣ አውሪኝ፣ ዝም አትበይ' አለኝ። አንድ ቃል አልወጣኝም፣ አርዲስ። ደጋግሞ ለመነኝ። እኔ ሰዓቱን ብቻ ሳይ ነበር። ከዚያ እሱም ዝም አለ፤ ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። እስካሁን ጨለማ ውስጥ አልከፈትኩትም። ሰዓቱ እየበራ እሱ ከሌለስ ብዬ።»

ወንድሜ ነው። ሳይሰቃይ ሞተ ብላኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አምኜ፣ ለእናቴም እንዲሁ ነግሬ ቀብሬአታለሁ። ጨለማ ባይሆን ምን ዓይነት ፊት አሳያት እንደነበር አላውቅም። ተናድጄ ነበር። ትንፋሿን ግን እሰማለሁ፤ እንደ ታመመ ሕፃን ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ንዴቴ እዚያው ሟሟ።

መሐረብ ፍለጋ እጄን ሹራቤ ኪስ ውስጥ ስከት ጣቴ ሰዓቱን ነካ። ደርቄ ቀረሁ። ምስማሩ ላይ መስቀል ሲገባኝ ኪሴ ከትቼው ገብቻለሁ። እሷ የሠራችውን ስሕተት እኔው ደገምኩት።

«ቨርና፣ ሳጥኑን ከፍተሽዋል?»

«ገና ነኝ። መክፈቻውን እየዳሰስኩ ነው።»

«እንዳትከፍቺው!»

ትንፋሼ ተመለሰ። ሳጥኑ ከተዘጋ ብርሃን አያገኘውም። እንግዲያው ዓይኗን ገልጣ የወንድሜን ብርሃን አንድ ጊዜ አይታ ትረጋጋ ብዬ ሰዓቱን ከኪሴ አወጣሁት።

ምንም አልታየኝም። መጀመሪያ በጀርባው የያዝኩት መሰለኝ። መስታወቱን በጣቴ ፈለግሁ፤ ወደ እኔ ነው የዞረው። ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፣ ሽፋሽፍቴ እስኪነካው። ሲመታ ይሰማኛል፤ ቲክ ቲክ ይላል። ብርሃን ግን የለውም። እንዲህ ያለው ቀለም ዕድሜ እንዳለው፣ ከዓመታት በኋላ ራሱን በልቶ እንደሚያልቅ ኋላ ነው የሰማሁት። ስንት ዓመት ጠፍቶ ኖሯል። እሷ ጨለማ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ ቤቷ ውስጥ መብራቱን ሁሉ አብርታ፣ መጥፋቱን የምታይበት ጊዜ አልነበራትም።

ፊልሙ ደህና ነው። ይህን ሳውቅ መጮህ አማረኝ። ወጥቼ ለሃርግሬቭ ብቻ ብነግረው ድርጅቱ ይተርፋል፤ እሷም የማይበራ ሰዓቷን ይዛ እንደጨፈነች ትኖራለች። አልሆነልኝም። ወንድሜ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ለምኖ መልስ አጥቷል፤ እኔ ደግሞ እዚያው ዓይነት ጨለማ ውስጥ ቆሜ ዝም ልበላት?

«ቨርና፣ ዓይንሽን ክፈቺ።»

«አልችልም።»

«እኔ እዚሁ ነኝ። እጄን ያዢና ክፈቺ።»

እጇ አየሩን ሲዳስስ ቆይቶ ክንዴን አገኘው። በረዶ ነበር። ከወዲያ ላይል ምን እንደሆንን ሲጠይቅ ድምፁ በግድግዳው መጣ።

«ከፈትኩ» አለች።

«ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

«ሰዓቱ ፊትሽ ነው ያለው። ይዤዋለሁ።»

ጣቶቿ ክንዴን ተከትለው ወደ መዳፌ መጡ። ሰዓቱን አገኙት፣ መስታወቱን ዳሰሱት፣ ቆሙ።

«ገልብጠሽ ይዘሽዋል።»

«አልገለበጥኩትም፣ የኔ እህት።»

ወሰደችው። ወደ ፊቷ ስታስጠጋው በትንፋሿ አወቅሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ጠበቅሁ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሷ ግን «ጠፍቷል፤ እኔ ግን አለሁ» አለች፤ በጣም ቀስ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን።

«ፈራሽ?» አልኳት።

«በጣም። አትልቀቂኝ።»

አልለቀቅኋትም። በሌላ እጇ ካሜራውን ዳሰሰች። ማንኳኳቱን ስታቆም ተነሥታ ከማሽኑ ገና ያልጠፋች አንዲት ሥዕል ነበረች፤ ያቺ ወፍ ክንፏን ዘርግታ ከመጨረሻው ሕንፃ በላይ ስታልፍ። ማሽኑ ውስጥ አሁንም ትጠብቅ ነበር። ቨርና ዓይኗን እንደከፈተች፣ ወደ ግድግዳው ዞረችና አንድ ጊዜ አንኳኳች።

ከወዲያ ላይል ሥዕሏን አጠፋት።